የቦርከናን ልጅ ማን ያጠጣው?

አንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራችን የኮንጎን ወንዝ በቃላችን አስይዘውን ነበር። ርዝመቱ 4,700 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ የሚያቋርጥ፤ በውኃው ብዛት ከአማዞን ቀጥሎ ከዓለም ሁለተኛ፤ ግራና ቀኙ ፀሐይ የማያሾልክ ደን። ዛሬም ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ ሳልደናቀፍ እወርደዋለሁ። መምህራችን ጥሩ ሰው ነበሩ፤ አላማቸውም። ነገር ግን ያ ክፍል የሚገኘው ከሚሴ ነው። መስኮቱን ከፍተው ጣታቸውን ቢቀስሩ የሚያሳዩን ወንዝ ነበራቸው። እኛ ልጆቹ የዋኘንበት፣ ከብት ያጠጣንበት፣ ክረምት ሲሞላ እናቶቻችን «ወዮልህ ብትሄድ!» እያሉ የሚያስፈራሩን ወንዝ። ይህ ወንዝ ከየት ይነሣል? የት ያልቃል? ውኃውን ማን ይጠጣል? ብሎ የጠየቀን ግን አልነበረም። ፈተና ላይ አይመጣማ!

ይህን የምጽፈው መምህሬን ለመውቀስ አይደለም። የምወቅሰው እኛን ነው፤ ብዕር ጨብጠናል የምንለውን፣ መጽሔት ገዝተን እናነባለን፣ ባህል እንወዳለን የምንለውን የከተማ ሰዎች። ስለ ዓባይ ያልዘፈነ ድምፃዊ፣ ያልገጠመ ገጣሚ፣ ያልተነተነ ተንታኝ በዚህ አገር ካለ እጁን ያውጣ። ዓባይ ይገባዋል፤ አልቀናሁም። ግን አንድ ጊዜ ስለ ቦርከና የጻፍኩትን ጽሑፍ በብብቴ ይዤ ወደ አንድ ዝግጅት ክፍል (ስሙ ይቆየን) ብሄድ፣ አዘጋጁ ርዕሱን ብቻ አይቶ «ወንድሜ፣ ቦርከናን ማን ያውቀዋል? ዓባይን ጻፍልኝ እንጂ!» አለኝ። ገጹን እንኳ አልገለጠውም። እኔም አልተከራከርኩትም፤ ያዘዘልኝን ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ። ያን ዕለት ያልተከራከርኩትን ነው ዛሬ የምከራከረው።

ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ይነሣል። ገና ከልጅነቱ ደሴን ሲያቋርጥ የከተማዋን እጣቢ ይሸከማል። ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ከፋብሪካዎቹ ሠፈር የሚመጡ ትንንሽ ወንዞች ይቀላቀሉታል። ሐርቡን አልፎ ሜዳው ሲሰፋለት ድካም ይይዘዋል፤ ይንጣለላል። ያ የሚንጣለልበት ሜዳ ነው ጨፋ። ከዚያ ከሚሴን ተሰናብቶ ወደ ምሥራቅ ቆላውን ይወርድና አዋሽ ይገባል።

አዋሽስ? እዚህ ላይ አንባቢዬ ቆም ይበልልኝ። ኮንጎ በየሰከንዱ 40,000 ሜትር ኩብ የሚሆን ውኃ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይደፋል። ዓባይ ግብጽን አቋርጦ ሜዲትራንያን ይደርሳል። አዋሽ ግን ባሕር አያውቅም። የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጂቡቲ ጠረፍ ላይ አቤ የሚባል ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ ውኃውም ለፀሐይ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ብለን እንተርታለን። አዋሽ ማደሪያ አለው። ይዞት የመጣውን ሁሉ ይዞ እዚያው ያድራል። ውኃው ይተናል፤ ውኃው ውስጥ ያለው ግን አይተንም። እንግዲህ ኮምቦልቻ ላይ ቦርከና ውስጥ የተጣለ ነገር ሁሉ ወይ ጨፋ ጭቃ ውስጥ ነው፣ ወይ አፋር እርሻ ላይ ነው፣ ወይ አቤ ሐይቅ ነው። ከአገር ወጥቶ የሚሄድበት በር የለውም። የአዲስ አበባው አንባቢ «የወሎ ጉዳይ ነው» ብሎ ገጹን ከመግለጡ በፊት የእሱም አቃቂ በአባ ሳሙኤል በኩል እዚሁ አዋሽ ውስጥ እንደሚገባ ያስታውስ። ሁለታችንም የምንደፋው ወደ አንድ ጋን ነው።

አሁን ወደ ጨፋ ልመለስ። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከከሚሴ ግራና ቀኝ የሚታየውን ያን አረንጓዴ ሜዳ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ አይቶታል። አይቶታል ማለቴ በመስኮት አልፎበታል። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ተሳፋሪ በአንድ ወቅት «ይኼ ሁሉ መሬት ጾሙን ያድራል እኮ!» ብሎ ከንፈሩን ሲመጥ ሰምቼዋለሁ። ክፋት የለበትም፤ ስንዴ ነው የታየው። ከእሱ በፊት ግን ብዙ ባለሥልጣን እንደዚያ ብሎ ከንፈሩን መጥጧል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የንግድ እርሻ መጣ፤ በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህም ቦይ እየተቀደደ፣ ውኃው እየተንጠፈጠፈ፣ ጠርዙ እየታረሰ ነው። ዘመኑ በተለወጠ ቁጥር ቃሉ አይለወጥም፦ «ባዶ መሬት»።

ባዶ መሬት የሚለው ቃል ታሪክ አለው። የቤልጂጉ ንጉሥ ሌዎፖልድ ኮንጎን የግል ርስቱ ባደረገበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1885፣ ካወጣቸው የመጀመሪያ አዋጆች አንዱ «ባዶ መሬት የመንግሥት ነው» የሚል ነበር። ባዶ የተባለው ዱር ግን ባዶ አልነበረም። ዓሣ አስጋሪው፣ አዳኙ፣ እርሻውን እያፈራረቀ የሚያሳርፈው ገበሬ፣ ሁሉም በየወቅቱ ይመላለስበት ነበር። ንጉሡ (አገሩን አንድ ቀን በእግሩ ሳይረግጠው) ሰው በዚያች ቀን በዚያች ሥፍራ ቆሞ ካላየ ባዶ ነው አለ። የቀረውን የጎማ ታሪክ፣ የተቆረጠውን እጅ ሁሉ፣ ዓለም ያውቀዋል። ጨፋን ከኮንጎ ጋር አስተካክዬ ማውራቴ አይደለም፤ በጨፋ እጅ የቆረጠ የለም። የአስተሳሰቡ እናት ግን አንዲት ናት። በወቅት የሚመጣን ሰው እንደሌለ መቁጠር።

ጨፋ ላይ በወቅት የሚመጣው ማን ነው? አፋሩ ነው። በበጋ የቆላው ሣር ሲነድ ግመሉን፣ ላሙን፣ ፍየሉን እየነዳ ሽቅብ ይወጣል። የአገሬው ኦሮሞ ከብቱን ያወርዳል። አማራው ገበሬ ከደጋው ጫፍ ይመጣል። ከሚሴ አቅራቢያ ሾንኬ ተራራ ላይ የድንጋይ ቤት ሠርቶ ለዘመናት የኖረው አርጎባም ከዚሁ ሜዳ ጋር ይተዋወቃል። በ1994 ዓ.ም. አፋርን ያ ክፉ ድርቅ በመታው ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባለሙያዎች ጨፋ ወርደው ያዩትን ጽፈዋል፤ ሸለቆው ለ50,000 አርብቶ አደሮችና ለ200,000 እንስሳት መጠጊያ ሆኗል ነው ያሉት። ሃምሳ ሺህ ሰው! ይህ በአንድ መጥፎ ዓመት የአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብን ያህል ተቀብሎ ያሳደረ ሜዳ ነው ጾሙን ያድራል የሚባለው። ሕገ መንግሥቱስ ቢሆን በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው ይል የለም?

ደግሞ ቃሉን ራሱን እንየው። በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ለምለም፣ ውኃ ያዘለ ሜዳ ነው። ሽማግሌዎች ለጉባኤ የሚቀመጡት በዚያ ስለነበረ ነው ዛሬ የኦሮሚያ ምክር ቤት «ጨፌ» የሚባለው። የእኛ ጨፋም የዚያው ቃል ዘመድ ይመስለኛል። አንዱ ሕዝብ ሸንጎውን የሰየመበትን ቃል ሌላው «ረግረግ» ብሎ አፍንጫውን ይይዝበታል። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ግን ያው አፍንጫውን የያዘው ከተሜ ቄጠማ ገዝቶ ሳሎኑ ላይ ይጎዘጉዛል። ቄጠማው የት የበቀለ ይመስለዋል? አስፋልት ላይ? በሙዚቃውም ያው ነን። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ባቲ ይባላል። ባቲ ከተማ ናት፤ በዚሁ ዞን ውስጥ ያለች፣ ሰኞ ሰኞ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙባት የታወቀች ገበያ። ቅኝቱን በክራር የሚያጠና ስንቱ የአዲስ አበባ ወጣት የከተማዋን መንገድ ያውቃል? ከዚህ በላይ አልሄድበትም፤ ያናድደኛል።

ረግረጉ ወባ አለበት የሚሉኝ አሉ። አለበት። እኔንም ሁለት ጊዜ ጥላኛለች። ወባን መዋጊያው አጎበርና መድኃኒት ነው እንጂ ለ200,000 እንስሳ መጠጊያ የሚሆን ሜዳ ማድረቅ አይደለም። ደንገሉና ፊላው ዝም ብሎ የቆመ ሣር አይመስላችሁ። ጎርፉን ያበርዳል፤ ደለሉን ይይዛል፤ ከላይ የሚመጣውን ቆሻሻ የቻለውን ያህል ያጠራል። ደመወዝ የማይከፈለው ወንፊት ነው። ሲታረስ ወንፊቱ ተቀደደ ማለት ነው።

ከላይ የሚመጣው ቆሻሻ ምንድን ነው? በዚህ ላይ በጭፍን መማል አያስፈልግም፤ የተለካ ነገር አለ። በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. ክረምት ተመራማሪዎች የኮምቦልቻን አምስት ፋብሪካዎች ፍሳሽና ፍሳሹ የሚገባባቸውን ሁለት ወንዞች እየቀዱ መርምረው ውጤቱን በዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ቆዳ ፋብሪካ ቆዳው እንዳይበሰብስ የሚያለፋው በክሮም ጨው ነው። ቆዳው የሚመጠውን መጦ የቀረው ከውኃው ጋር ይወጣል። ከፋብሪካው በላይ በኩል ወንዙ ውስጥ የነበረው ክሮሚየም በሊትር 51 ማይክሮ ግራም ነበር። ፍሳሹ ከተቀላቀለበት በታች 2,660 ሆኗል። ሃምሳ ሁለት እጥፍ! የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን 50 ነው፤ ይህም ማለት ከላይ ያለው ውኃ እንኳ ወሰኑን ታክኮ ቆሟል። የብረታ ብረት ፋብሪካው ፍሳሽ ደግሞ ዚንክ የሞላበት ነበር፤ ወንዙ ውስጥ ያለውን ከ110 ወደ 520 አድርሶታል። ሐቁን ለመናገር ያህል የቢራው፣ የጨርቃ ጨርቁና የሥጋው ፋብሪካ በከባድ ብረት በኩል ከወሰኑ አልወጡም። ያልበደለውን በበደለው አልከስስም። ተመራማሪዎቹ ግን አንድ ነገር ጨምረዋል፤ ሕጉ አለ፣ ፈጻሚው የለም። ኢንቨስትመንት የሚጠራው ወገንና አካባቢ የሚጠብቀው ወገን አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል።

ሕጉማ አለ! የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ልኬታው ሲደረግ አዋጁ አሥር ዓመት ሞልቶት ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። «ሁሉም ሰው» ውስጥ ከሚሴ ትገባለች ብዬ ነው የማምነው። የተሳሳትኩ ካለሁ የሕግ ሰዎች ያርሙኝ።

ከዚያ ልኬታ ወዲህ በ2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ሪባን ሲቆረጥ በቴሌቪዥን አይተናል። የፓርኩን ፍሳሽ ባልለካሁት አልፈርድም። ግን ፋብሪካ ሲጨመር ለኪው ተጨምሯል ወይ? ይህ ጥያቄ የሚያስቆጣው ሰው ካለ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

«ታዲያ ፋብሪካው ይዘጋ ነው የምትለው? የሥራ አጥ ወጣት አታይም?» ይህ ክርክር ሁልጊዜ ይመጣል፤ የሚያመጣውም ብዙ ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው። አይዘጋ። እኔም የቆዳ ጫማ አድርጌ ነው የምጽፈው። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻን ሲያዳርስ፣ ፋብሪካዎቹ ሲዘረፉ፣ ሠራተኛው ባዶ እጁን ሲቀር ያየ ሰው ፋብሪካ ይዘጋ አይልም። የምለው ሌላ ነው። ክሮሙን ከውኃው ለይቶ ማስቀረት የታወቀ ሥራ ነው፤ ተለይቶም ተመልሶ ይሠራበታል። ወጪ አለው። ያ ወጪ ዛሬም እየተከፈለ ነው፤ ጥያቄው ከፋዩ ማነው ነው። ፋብሪካው ካልከፈለው ወደ 50 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ያለው ከብት አርቢ ይከፍለዋል፤ በላሙ፣ በልጁ ሆድ፣ በአፈሩ። ደመወዙ ላይ፣ እድፉ ታች። ይህን ዓይነት ሒሳብ ልማት ብሎ የሚጠራ ሰው ሱቅ ቢከፍት በሳምንቱ ይከስር ነበር፤ ዕዳውን ለጎረቤት የሚልክበት ወንዝ ከሌለው በቀር።

የወንዙ ሌላው መከራ ባለቤቱ መብዛቱ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሲሆን የደቡብ ወሎ ነው። ሐርቡን ሲያልፍ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። አዋሽ ሲገባ የአፋር ክልል ነው። ከሚሴ ያለ ሹም ኮምቦልቻ ያለን ፋብሪካ ማዘዝ አይችልም፤ ኮምቦልቻ ያለ ሹም ከሚሴ ላለ ከብት አይጠየቅም። ወሰን ሲካለል ውኃው አልተጠየቀማ። ስለ ወሰን ድንጋይ ስንት ጉባኤ የተቀመጠበት አገር ውስጥ አንድ ወንዝ የሚጠጡ ሦስት አስተዳደሮች ስለዚያው ውኃ ብቻ በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ የተዘገበ ዜና እስካሁን አላነበብኩም።

ዜና ካልኩ ዘንድ፣ ከሚሴ ዜና ላይ የምትወጣው መቼ ነው? ጥይት ሲተኮስ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በከሚሴ ዙሪያ ያ ሁሉ ሰው ሲያልቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ስማችን በየሬዲዮው ነበር። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ዝም። የዚያን እልቂት ምክንያት በሣርና በውኃ ብቻ አስረዳለሁ የምል ሞኝ አይደለሁም፤ ብዙ እጅ አለበት። ግን በየበጋው አፋርና ኦሮሞ፣ ኦሮሞና አማራ ከብት አርቢ የሚጋጩበት ሣር ስንት እንደቀረ፣ ውኃው የት እንደሚጠጣና የት እንደማይጠጣ ሳያውቁ ስቱዲዮ ተቀምጦ «የብሔር ግጭት» ማለት ቀላል ነው። ሣሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ስንቱን ጠብ በአንድ ቀን ቡና እንዳበረዱት እዚያ ያደገ ያውቃል። ሜዳው ሲጠብ የእነሱም ቃል ይጠባል። ቦታ ሳይኖር «እናንተ በዚህ፣ እናንተ በዚያ» ብሎ ማስታረቅ አይቻልም።

ካቻምና በበጋ አገሬ ሄጄ ወንዙ ዳር ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት አገኘሁ። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ ስለ ቤተ ሰቤ ጠይቀውኝ ሲያበቁ፣

«አባባ፣ ውኃው እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፤ ላሟን ጠይቃት» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «ድሮ አፏን ከታ ትምገው ነበር። አሁን ታሸትና ቀና ትላለች። ቀና ብላ እኔን ነው የምታየኝ። ወላሂ፣ ምን ልበላት?»

እኔም የምላቸው አልነበረኝም። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ ለላም የሚሰጥ መልስ አላስተማረኝም።

አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም. የወንዝ ዳር ልማት ተብሎ ሸገርን ማስዋብ ተጀመረ፤ መናፈሻውን አይተናል፣ ፎቶም ተነሥተንበታል። እሰየው! ለቦርከና መናፈሻ የጠየቀ የለም፤ አግዳሚ ወንበርም አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን ወረቀት ነው። በየወሩ ከኮምቦልቻ በታች፣ ጨፋ መግቢያና ከሚሴ ላይ ውኃው ተቀድቶ ይለካ። ውጤቱ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ፤ ከሚሴ ገበያ፣ ባቲ ገበያ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በአፋርኛ ይለጠፍ። የትኛው ፋብሪካ ስንት እንደለቀቀ በስሙ ይጻፍ። ጨፋ ውስጥ ቦይ ሊቀድ የተነሣ ሁሉ አስቀድሞ በበጋ የሚመጡትን ይጠይቅ፤ በክረምት ሰው ሳይኖር ሄዶ «ማንም የለም» ብሎ አይፈርም። እኛ ባለብዕሮቹ ደግሞ ያን ወረቀት እናንብበው፤ ስለ ዓባይ ከምንጽፈው አሥር ገጽ አንዱን እንስጠው። ይህ አብዮት አይደለም። የአንድ ጠርሙስ ውኃና የአንድ ማጣበቂያ ጉዳይ ነው።

ስመለስ አውቶቡሱ ከሚሴን እንደወጣ ቆመ። ልጆች ሽንኩርትና ቲማቲም በሳፋ ይዘው መስኮቱን ከበቡት። ቲማቲሙ ያምራል፤ በወንዙ ውኃ የለማ ነው። ተሳፋሪው ተሻማበት፣ እኔም ሁለት ኪሎ ገዛሁ። ያ መሬቱ ጾሙን ያድራል ያለው ዓይነት ሰው ከኋላዬ አንዱን በሸሚዙ ጠረግ አድርጎ ገመጠ። እኔ ቤቴ ገብቼ በቧንቧ ውኃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። በሥሩ የገባ ነገር ካለ እጥበት እንደማያወጣው አውቃለሁ፤ ግን አጠብኩት።